ዳያልአፕ ኢንተርኔት እምቢ ሲላችሁ፦ ባህር ዳር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይሄ በዳያልአፕ ዘመን ቤታቸው አሮጌ ኮምፒውተር ለነበራቸው፣ ዊንዶውስ 98 ወይ 2000 ወይ ኤክስፒ ለሚጠቀሙና በቤት ስልክ መስመር እየደወሉ ኢንተርኔት ለሚገቡ (ዳያልአፕ ማለት ይሄው ነው) ሰዎች የተጻፈ ነው። ኢንተርኔቱ እምቢ ባለ ቁጥር ሲፒዩውን ባጃጅ ላይ ጭኖ ጥገና ቤት መሮጥ የብዙ ሰው ልማድ ነበር፣ እዛ ደግሞ ቶሎ የሚባለው "ፎርማት ይደረግ" ነው፣ ፎርማት ተደርጎ ፎቶውም ዶክመንቱም ጠፍቶ ቤት ሲመለስ ኢንተርኔቱ አሁንም አይገባም፣ ለምን ቢባል ችግሩ መጀመሪያውኑ ኮምፒውተሩ ውስጥ አልነበረም፣ የስልክ ሽቦው ላይ ነበር። አብዛኛው የዳያልአፕ ችግር በጆሮ የሚታወቅ ነው። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይሄን አንብቡ።

ከሁሉ በፊት ምን ልፈትሽ?

ስልኩን አንሱና ስሙ። ሽቦ ያለውን ስልክ ማለቴ ነው፣ ኮርድለሱ የራሱን ሽሽታ ስለሚጨምር ለዚህ አይሆንም፣ መብራት ሲሄድም አብሮ ይሞታል። ስልኩን አንስታችሁ "ቱ...ት" የሚለው ከመጣ አንድ ቁጥር ብቻ ተጫኑ፣ ለምሳሌ 2ን፣ ያን ጊዜ ቱቱታው ይቆምና መስመሩ ጸጥ ይላል። አሁን ጆሯችሁን አስጠግታችሁ አዳምጡ። ጸጥ ካለ መስመሩ ደህና ነው። የሚንጫጫ፣ የሚጠበስ ነገር የሚመስል ድምፅ፣ ወይም የሬዲዮ ጣቢያ ከሩቅ የሚሰማ ከሆነ ሞደሙ (ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመሩ ጋር የሚያገናኘው ዕቃ) ምንም ቢሆን በደንብ አይሰራም። ሰው በዚህ መስመር ሊያወራ ይችላል፣ ያልሰማውን ቃል በግምት ይሞላዋል፣ ሞደም ግን አይገምትም፣ የተበላሸውን ደጋግሞ ያስልካል፣ ሲብስበት መስመሩን ይዘጋዋል።

ድምፁ ከቤት ውስጥ ይምጣ ከውጭ ለማወቅ ሌሎቹን ስልኮች፣ ፋክሱን፣ ማከፋፈያውን ሁሉ ንቀሉና አንድ ስልክ ብቻ ሽቦው ከውጭ የሚገባበት የመጀመሪያው ሶኬት ላይ ሰኩ። እዛ ላይ ጸጥ ካለ ጥፋቱ የቤታችሁ ሽቦ ነው፣ እራሳችሁ ታስተካክሉታላችሁ። እዛም ላይ ከተንጫጫ የውጭ መስመር ነውና ለስልክ ድርጅቱ ማመልከት ነው። ስታመለክቱ ደግሞ "ኢንተርኔት አይሰራም" አትበሉ፣ "ስልኩ ይንጫጫል፣ ድምፅ አይሰማም" በሉ። መስመር የሚጠግነው ሰው የሚፈትሸው ስልኩን ነው፣ ኢንተርኔት ካላችሁት ግን ሌላ ክፍል ይልካችሁና ቀኑ ይሄዳል።

ሞደሙ ሲደውል የሚያሰማው ጩኸት ምንድነው? ላጥፋው?

እባካችሁ አታጥፉት! ቢያንስ ችግሩ እስኪለይ ድረስ። ከዛ ጩኸት በላይ ችግሩ የት እንዳለ የሚናገር ነገር የለም። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ ቱቱታው ይሰማል፣ ከዛ ቁጥሩ ቲክ ቲክ እያለ ይደወላል፣ ከዛ ወዲያ ማዶ ይጠራል፣ ከዛ የሚያፏጭ ቀጭን ድምፅ ይመጣል (ያኛው ሞደም "አለሁ" እያለ ነው)፣ ቀጥሎ ሁለቱ ሞደሞች በምን ፍጥነት እንነጋገር ብለው የሚስማሙበት ሽሽሽ የሚል ጩኸት ይሆናል፣ ይሄ ግማሽ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፣ በመጨረሻ ጸጥ ይልና ስክሪኑ ላይ ዩዘር ኔምና ፓስዋርድ እያጣራሁ ነው የሚል ጽሁፍ ይመጣል።

እንግዲህ የት ላይ እንደሚቆም ስሙ። ቱቱታው ጭራሽ ካልተሰማ ሽቦው አልተሰካም፣ ወይ የተሳሳተ ቀዳዳ ላይ ነው፣ ወይ ሞደሙ ተቃጥሏል። ቁጥሩን ከደወለ በኋላም ቱቱታው ካላቆመ ማዞሪያው (ስልኮችን የሚያገናኘው የስልክ ድርጅቱ ጣቢያ) የሞደሙን አደዋወል አልተቀበለውም ማለት ነው፣ ሞደሙ ፐልስ (በቲክ ቲክ መደወል) ላይ ከሆነ ወደ ቶን (በድምፅ መደወል) ለውጡት፣ ቶን ላይ ከሆነ ፐልስን ሞክሩ። ጠርቶ ጠርቶ የሚያነሳ ከጠፋ ቁጥሩ ተሳስቷል፣ ወይም ማዶ ያለው ሰርቨር ተበላሽቷል። የሰው ድምፅ "ሃሎ፣ ሃሎ" ሲል ከሰማችሁ የሰው ቤት ነው የደወላችሁት፣ ቶሎ አቋርጡና ቁጥሩን አስተካክሉ። ጩኸቱ ከጀመረ በኋላ እየደጋገመ፣ እየቀያየረ ብዙ ቆይቶ ከወደቀ ደግሞ የመስመር ጫጫታ ነው፣ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመለሱ። ጩኸቱ አልቆ ጸጥ ካለ በኋላ ከተቋረጠ ብቻ ነው ፓስዋርድና ሴቲንግ ማየት ያለባችሁ።

ድምፁ የማይሰማ ከሆነ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፎን ኤንድ ሞደም ኦፕሽንስ ገብታችሁ፣ ሞደሙን መርጣችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ስፒከር ቮሊዩም የሚለውን ከፍ አድርጉት።

"ኖ ዳያል ቶን" ይለኛል፣ ስልኩን ሳነሳ ግን ይሰራል

ይሄ በጣም ነው የሚጠየቀው። ሁለት ሶስት ምክንያት አለው። አንደኛ ሞደሙ ጀርባ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ፣ ላይን እና ፎን የሚሉ፣ ከግድግዳ የመጣው ሽቦ ላይን ላይ ነው የሚሰካው፣ ፎን የሚለው የጠረጴዛ ስልካችሁን ለመሰካት ነው። ገልብጠው የሰኩ ብዙ ናቸው። ሁለተኛ የስልኩን ሽቦ የኔትወርክ ካርዱ ቀዳዳ ላይ የሚሰኩ አሉ፣ የኔትወርኩ ቀዳዳ ሰፋ ያለና 8 ሽቦ ያለው ነው፣ የስልኩ ጫፍ ትንሽ ስለሆነ ሰተት ብሎ ይገባል ግን አይሰራም፣ አልፎም ስልክ ሲጠራ እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ኤሌክትሪክ በመስመሩ ስለሚመጣ ካርዱን ሊጎዳው ይችላል።

ሶስተኛው ምክንያት ከውጭ የመጡ ኮምፒውተሮች ላይ ይበዛል። የየሀገሩ ቱቱታ አንድ አይነት አይደለም፣ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የመጣ ሞደም የእኛን ሲሰማ ዳያል ቶን አይመስለውም፣ እና ሳይደውል ይዘጋል። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ሞደም ፕሮፐርቲስ ውስጥ "ዌይት ፎር ዳያል ቶን ቢፎር ዳያሊንግ" የሚለው ላይ ያለችውን ምልክት አንሱት፣ ያን ጊዜ ቱቱታውን ሳይጠብቅ ይደውላል። እግረ መንገዳችሁን ሎኬሽኑ ላይ ኢትዮጵያ መመረጡን እዩ።

ቢሮ ወይም ሆቴል ውስጥ ሆናችሁ ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 9 ወይም 0 የምትጫኑ ከሆነ ደግሞ ያንን ቁጥር ጻፉና ኮማ አድርጉበት፣ ከዛ የኢንተርኔቱን ቁጥር። ኮማዋ ሞደሙን 2 ሰከንድ ያህል ታስጠብቀዋለች፣ የውጭ መስመሩ እስኪመጣ ማለት ነው።

ቁጥሩ ልክ ነው ግን ሌላ ቦታ ይደውላል

ዊንዶውስ በራሱ ኮድ እየጨመረበት ነው። የከተማችን ኮድ 058 ነው፣ ዳያሊንግ ሩልስ ውስጥ ኤርያ ኮድ ሲጠይቃችሁ አንዱ 058 ይላል፣ አንዱ 58፣ አንዱ ያገኘውን ይሞላል፣ ዊንዶውሱም ከፊቱ 0 ወይም 251 ጨምሮ የማይገናኝ ነገር ይሰራል። ቤት ውስጥ ለምትጠቀሙ ቀላሉ መንገድ ኮኔክሽኑ ፕሮፐርቲስ ገብታችሁ "ዩዝ ዳያሊንግ ሩልስ" የሚለውን ማጥፋትና ቁጥሩን ልክ በስልክ እንደምትደውሉት አድርጋችሁ መጻፍ ነው። ኮምፒውተሩ ብዙ ተቀምጦ የቆየ ከሆነ የስልክ ቁጥር አሰራሩ 1998 ዓ.ም መስከረም ላይ መቀየሩን አስታውሱ፣ ከዛ በፊት የተሰራ ኮኔክሽን የድሮውን ቁጥር ይዞ ሊሆን ይችላል።

የሚመጡት ኤረር ቁጥሮች ምን ማለት ናቸው?

ሁሉንም መሸምደድ አያስፈልግም። 680 ዳያል ቶን የለም ነው፣ ከላይ አይተነዋል። 676 መስመሩ ተይዟል፣ ማታ ማታ ሰው ሲበዛ ይመጣል፣ ቆይቶ መሞከር ነው እንጂ ሴቲንግ አትነካኩ። 678 ማዶ የሚያነሳ የለም። 691 ዩዘር ኔም ወይም ፓስዋርድ ተሳስቷል። 633 ሞደሙን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል፣ ብዙ ጊዜ የፋክስ ፕሮግራም ነው፣ እሱን ዝጉ ወይም ሪስታርት አድርጉ። 692 እና 797 ሞደሙ ራሱ አልተገኘም ወይም አልመለሰም የሚሉ ናቸው፣ ድራይቨሩን (ኮምፒውተሩ ሞደሙን እንዲያዝ የሚያደርገውን ፕሮግራም) እና ካርዱን ማየት ነው። 718 እና 619 ግን ያሳስታሉ፣ የፓስዋርድ ማጣሪያው ላይ ደርሶ መልስ ሲጠፋ ወይም መሀል ላይ ሲቋረጥ ነው የሚመጡት፣ ከማዶ ሊሆን ይችላል ወይም ከመስመሩ ጫጫታ፣ እና አንዴ ከመጡ ምንም አታድርጉ፣ በየቀኑ ከመጡ መስመሩን ስሙ።

ፓስዋርዴ ልክ ነው እያልኩ 691 ይለኛል

ካፕስ ሎክ እዩ፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያያል። ቀጥሎ ደግሞ እኛ ሀገር ብቻ ያለችውን ምክንያት እዩ፣ ፓወር ግዕዝ ወይም ሌላ የአማርኛ መጻፊያ ክፍት ሆኖ ፓስዋርድ ስትጽፉ ኪቦርዱ የሚያስገባው ፊደል ሌላ ነው፣ ፓስዋርዱ ደግሞ በነጠብጣብ ስለሚታይ አታውቁትም። ልጆቹ የቤት ስራ በአማርኛ ጽፈው ሳይዘጉት ይሄዳሉ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው መከራውን ያያል። መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ ጻፉትና በአይናችሁ እዩት፣ ልክ ከሆነ ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉት፣ ከዛ ኖትፓዱን ሴቭ ሳታደርጉ ዝጉት።

ሂሳብ ያልተከፈለበት አካውንትም 691 ሊያመጣ ይችላል፣ ይሄንንም ጠይቁ።

ይገባል ግን በየ10 ደቂቃው ይቆረጣል

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ማን ስልክ እንደሚያነሳ እዩ። እማዬ ሳሎን ያለውን ስልክ ለመደወል ስታነሳ፣ ወይም ጎረቤት መጥቶ "ልደውል" ሲል ያኔውኑ ኢንተርኔቱ ይወድቃል፣ አንድ መስመር ላይ ስለሆኑ። "ኢንተርኔት ላይ ነኝ" የሚል ወረቀት ስልኩ ላይ መለጠፍ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን ለትልልቆቹ አስቀድማችሁ በአፍ ንገሯቸው፣ ወረቀት ብቻ ለጥፎ መሄድ ደስ አይልም። የምር የሚሰራው ግን ስልኮቹን ሞደሙ ፎን የሚለው ቀዳዳ ላይ መሰካት ነው፣ ብዙ ሞደም ሲሰራ ያንን ቀዳዳ ስለሚዘጋው ስልክ ቢነሳም አይረበሽም።

ኮል ዌይቲንግ ያስገባ ሰው ሁለተኛ ስልክ ሲመጣ የምትሰማዋ ቢፕ ሞደሙን ታወድቀዋለች፣ ኢንተርኔት ላይ ስትሆኑ ይጥፋላችሁ። ሌላው የዊንዶውሱ ሴቲንግ ነው፣ ዝም ብላችሁ እያነበባችሁ ምንም ካልተላለፈ ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ ዝጋ የሚል አለ፣ ብዙ ጊዜ 20 ደቂቃ ላይ ተደርጎ ይገኛል። ይሄ ገንዘብ ያድንላችኋል፣ ካስቸገራችሁ ደቂቃውን ከፍ አድርጉት እንጂ አታጥፉት።

እነዚህ ሁሉ ካልሆኑ ጫጫታ ነው። ከሶኬቱ እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ ረጅም ጠፍጣፋ ሽቦ የዘረጋችሁ፣ በተለይ ከስታቢላይዘሩ ወይም ከፍሎረሰንት መብራቱ ጋር አጠጋግታችሁ ያሳለፋችሁት ከሆነ አሳጥሩት፣ አርቁት። የተቀጣጠለ ሽቦ ካለ፣ በተለይ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ፣ እሱን ቆርጣችሁ አንድ ወጥ ሽቦ አድርጉ። ስልክ የሚሰራው መሀል ላይ ባሉት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ነው፣ ዳር ያሉት ቢበጠሱም ግድ የለም።

መስመሩ ጭራሽ የማይሻሻል ከሆነ ሞደሙን ፍጥነቱን አሳንሱት። ከሞደሙ ጋር የመጣው መመሪያ ላይ ቪ 90 የሚባለውን (የ56 ኬ አሰራር) ዘግቶ በ33.6 ኬ (በሰከንድ 33.6 ኪሎቢት) ብቻ እንዲገባ የሚያደርግ ትእዛዝ አለ፣ ኤክስትራ ሴቲንግስ የሚለው ቦታ ላይ ይጻፋል። በ44 ገብቶ በየ10 ደቂቃው ከሚወድቅ በ31 ገብቶ ማታውን ሙሉ የሚቆይ ይሻላል።

ክረምት ሲገባ ለምን ይብሳል?

ባህር ዳር በአመት ከምታገኘው 1400 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው የሚወርደው። ምሰሶ ላይ ያለችው ሳጥን ክዳኗ ከተከፈተ፣ ወይም ከቤታችሁ ግድግዳ ላይ ያለችው መገናኛ ዝናብ ከመታት ውሃው መዳቡ ላይ ይቀመጣል፣ ሁለቱ ሽቦዎች በእርጥበቱ በኩል ይነካካሉ፣ መዳቡም አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ሽምብጥ ሰፈርና ጣና ዳር ያሉ ቤቶች ላይ እርጥበቱ ጥቅምት ገብቶም ቶሎ አይለቅም። ምልክቱ ግልጽ ነው፣ ዝናብ ባለበት ቀን ይንጫጫል፣ ፀሀይ ወጥቶ ሁለት ቀን ከዋለ ይሻለዋል። እንዲህ ከሆነ ኮምፒውተሩን አትንኩት!

ግድግዳችሁ ላይ ያለውን መገናኛ ፀሀያማ ቀን ላይ ክፈቱና ሽቦውን ቆረጥ አድርጋችሁ አዲስ መዳብ እስኪታይ ላጡት፣ እንደገና አጥብቁት፣ ከላይ የሚሸፍነው ነገር አድርጉለት፣ ሽቦው ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ እንዲል አድርጉት ውሃው እዛ ላይ እንዲንጠባጠብ። ምሰሶው ላይ ያለውን ግን ባለሙያ ይንካው። ደመና ባለበት ሰዓትማ ማንኛውንም የስልክ ሽቦ በእጅ መንካት የለም።

መብረቅ ሞደም ያቃጥላል የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው፣ በየክረምቱ ስንት ሞደም ይሄድ ነበር። ሰው የሚሳሳተው "ስታቢላይዘር አለኝ" ብሎ ነው። ስታቢላይዘሩ የሚጠብቀው የመብራቱን መስመር ነው፣ መብረቁ ግን በስልክ ሽቦው ነው የሚገባው፣ እሱን ማንም አልጠበቀውም። ቤታችሁ ላይ መውደቅም የለበትም፣ ራቅ ያለ ቦታ ወድቆም በአየር ላይ በተዘረጋው ሽቦ ላይ ከፍተኛ ቮልት ይፈጥራል፣ ያ ቮልት ሽቦውን ተከትሎ ሞደም ውስጥ ይገባል፣ ሞደሙ እቦርዱ ላይ የሚሰካ የውስጥ ካርድ ከሆነ ማዘርቦርዱንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። የውጭ ሞደም ያለው ሰው እዚህ ላይ ይጠቀማል፣ ብዙ ጊዜ ሞደሙ ይሞታል ኮምፒውተሩ ይተርፋል፣ የውጭውን እመርጣለሁ የምለው ለዚህ ነው።

መከላከያው ሰማዩ ሲጠቁር፣ ገና ነጎድጓዱ ከሐይቁ ማዶ ሲሰማ የስልኩን ሽቦ ከሞደሙ መንቀል ነው፣ የመብራቱንም ሶኬት እንዲሁ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ መንቀል ነው። ከቤት ስትወጡም ንቀሉ፣ ከሰአት በኋላ የሚመጣውን ዝናብ ቢሮ ሆናችሁ አታስቆሙትም። የስልክ ቀዳዳ ያለው ሰርጅ ፕሮቴክተር ይሸጣል፣ ጥሩ ነው፣ ግን የቤታችሁ ሶኬት ኧርዝ (ትርፉን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ) ከሌለው የሚያወርድበት ቦታ ስለሌለው ብዙም አይረዳም፣ እና ብዙ ቤት ኧርዝ የለውም።

ሞደሙ ተቃጥሎ ከሆነ በምን አውቃለሁ?

ስልኩን ብቻውን ሰክታችሁ ይሰራል፣ ሞደሙን አንድ ላይ ስትሰኩት ግን ስልኩም ጭጭ ይላል? ሞደሙ ውስጡ ሾርት አድርጓል። ሌላው ፍተሻ ፎን ኤንድ ሞደም ኦፕሽንስ ውስጥ ዳያግኖስቲክስ የሚለው ላይ ኩዌሪ ሞደም መጫን ነው፣ መልስ ከሰጠ ኮምፒውተሩና ሞደሙ ይነጋገራሉ ማለት ነው። ልብ በሉ ግን፣ መብረቅ የሚበላው በብዛት በስልኩ በኩል ያለውን ክፍል ስለሆነ ኩዌሪው ጥሩ መልስ እየሰጠ ዳያል ቶን የማይሰማ ሞደም አለ። እሱ አለቀለት። ኩዌሪው ካልመለሰ ግን ገና ተስፋ አትቁረጡ፣ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ካለ ድራይቨሩ ነው የጠፋው፣ በተለይ ፎርማት ከተደረገ በኋላ። ርካሾቹ የውስጥ ሞደሞች ስራቸውን በሶፍትዌር ስለሚሰሩ ያለ ራሳቸው ድራይቨር አይነቁም። ስለዚህ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት የሞደሙን ድራይቨር ሲዲ ፈልጋችሁ አስቀምጡ፣ ድራይቨሩን ከኢንተርኔት ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋልና።

ኮኔክትድ ይላል ግን ገጽ አይከፍትም

ያገለገለ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ቤት ወይ ከቢሮ የገዛችሁ ከሆነ የድሮው ፕሮክሲ (ገጾች በሌላ ኮምፒውተር በኩል እንዲመጡ የሚያደርግ ሴቲንግ) ሳይጠፋ ቀርቶ ነው ብዬ ነው መጀመሪያ የምጠረጥረው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር፣ ቱልስ፣ ኢንተርኔት ኦፕሽንስ፣ ኮኔክሽንስ፣ እዛ ውስጥ የኮኔክሽናችሁን ሴቲንግስ ክፈቱና ፕሮክሲ የሚለውን አጥፉ። ፋይል ሜኑ ላይ "ወርክ ኦፍላይን" አለመመረጡንም እዩ።

ካልሆነ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ ፒንግ 4.2.2.2 ብላችሁ ጻፉ (ኢንተርኔት ላይ ያለ ሰርቨር ይመልስ እንደሆነ መጠየቅ ነው)። መልስ ከመጣ ኢንተርኔቱ ገብቷል፣ የተበላሸው ስም ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው፣ የኮኔክሽኑ ቲሲፒ አይፒ ውስጥ ዲኤንኤሱን በራሱ እንዲያገኝ አድርጉት።

እና ቀኑን እዩ! የማዘርቦርዱ ባትሪ (ሲአር 2032 የምትባለው ሳንቲም የምታክል) ካለቀች መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሌሎች ደግሞ ራሳቸው የኮምፒውተሩን አመተ ምህረት በኛ አቆጣጠር ይሞሉታል። ኢሜይልና ሴኪውር ገጽ ሁሉ የሚያበቃበትና የሚጀምርበት ቀን ያለው ሰርተፍኬት ስላለው ኮምፒውተሩ 7 ወይ 8 አመት ወደ ኋላ ከቀረ "ይሄ ሰርተፍኬት ገና አልጀመረም" ብሎ አያስገባችሁም። ቀኑ በፈረንጅ ይሁን፣ ሰአቱም ታይም ዞኑ ናይሮቢ በሚለው ላይ ሆኖ በፈረንጅ ይሁን፣ ግድግዳ ላይ ያለው ሰአት በኛ ነው።

56 ኬ ሞደም ነው ግን በ56 ገብቶ አያውቅም

ማንም በ56 አይገባም። ጥሩ መስመር ላይ ከ40 እስከ 50 ባለው ነው። ከማዞሪያው በራቃችሁ ቁጥር ይቀንሳል፣ አባይ ማዶ ሰፈር መጨረሻ ላይ ያለ ቤትና ማዞሪያው አጠገብ ያለ ቤት እኩል አይሆኑም። ቢሮ ውስጥ በፒኤቢኤክስ (የቢሮው የውስጥ ስልክ ማዞሪያ) በኩል ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ33.6 አያልፍም፣ ሞደም ብትቀይሩም ያው ነው። 45 ኪሎቢት ላይ ከገባችሁ በሰከንድ 4 ወይ 5 ኪሎባይት ነው የሚወርደው (1 ባይት 8 ቢት ነው)፣ 1 ሜጋባይት ለማውረድ 4 ደቂቃ አካባቢ። መላክ ደግሞ ከዛም ያንሳል፣ የቪ 90 ሞደም ሲልክ ጣሪያው 33.6 ነው። አሜሪካ ላለችው እህታችሁ የሰርግ ፎቶ ስትልኩ መጀመሪያ በፔይንት አሳንሱት፣ እንደ ካሜራው ከላካችሁት አንዱ ፎቶ ብቻ ሩብ ሰአት ሊበላ ይችላል።

ፍጥነቱን መጨመር ካልተቻለ የሚወርደውን መቀነስ ነው። ብራውዘሩ ላይ ፎቶ እንዳይከፍት አድርጉ። ኢሜይል አውትሉክ ኤክስፕረስ ላይ መስመር ሳትይዙ ጻፉ፣ ሁሉንም ጽፋችሁ ስትጨርሱ ግቡ፣ ሴንድ ሪሲቭ ብላችሁ ውጡና የመጣላችሁን ተረጋግታችሁ አንብቡ፣ በደቂቃ ለሚከፍል ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። የዊንዶውስ አፕዴት አውቶማቲክ ከሆነ ከጀርባ ሆኖ መስመሩን ይይዝ ነበር፣ የኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 2 (ትልቁ ማሻሻያ) ሙሉው 266 ሜጋባይት ነው፣ በ4 ኪሎባይት ወደ 19 ሰአት ይፈጃል፣ ይሄንን ሲዲ ካለው ሰው ወስዳችሁ ጫኑት። ፔዳና ፖሊ (የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች) ተማሪ ዘመድ ያለው ሰው በፍላሽ ማስመጣት ይችላል።

ኢንተርኔት እንደገባሁ ኮምፒውተሩ "በ60 ሰከንድ ይዘጋል" ይላል

ይሄ ቫይረስ ነው፣ ብላስተር የሚባለው፣ በ2003 በፈረንጅ ነሀሴ ወር የወጣ፣ ሰርቪስ ፓክ 2 ያልተጫነበት ኤክስፒ ላይ እና ፓቹ (ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያ) ያልገባበት 2000 ላይ ምንም ሳትከፍቱ መስመር ላይ በመሆናችሁ ብቻ ይገባል። መቁጠር ሲጀምር ረን ላይ ሸትዳውን ብላችሁ ክፍት ቦታ፣ ከዛ ሰረዝና ትንሿን ኤ ጻፉ፣ ኤክስፒ ላይ ቆጠራው ይቆማል። ከዛ የስልኩን ሽቦ ንቀሉ፣ ኤክስፒ ላይ የኮኔክሽኑን ፋየርዎል (ከውጭ የሚገባውን የሚከለክል) አብሩ፣ ማጽጃውንና ፓቹን ከሌላ ኮምፒውተር በፍላሽ አምጥታችሁ ጫኑ። ይሄም ፎርማት አያስፈልገውም።

የስልክ ሂሳቤ ሳልጠቀም ለምን አበጠ?

አንድም ሳትዘጉት እየቀረ ነው። ብራውዘሩን መዝጋት ኢንተርኔቱን መዝጋት አይደለም፣ ከሰአቱ አጠገብ ያሉት ሁለት ትናንሽ ኮምፒውተሮች ምልክት መጥፋት አለባት፣ ከዛ ስልኩን አንስታችሁ ቱቱታው መመለሱን ስሙ። ሁለተኛው ግን አደገኛ ነው፣ ዳያለር የሚባል ቫይረስ አለ፣ የናንተን ቁጥር በውድ የውጭ ሀገር ቁጥር ቀይሮ ይደውላል። የሞደሙ ድምፅ ክፍት ይሁን የምለው ለዚህም ነው፣ የምትደውሉት ቁጥር አጭር ሆኖ ሞደሙ ረጅም ቁጥር ሲደውል ከሰማችሁ ወዲያው ሽቦውን ንቀሉ፣ ኔትወርክ ኮኔክሽንስ ውስጥ የማታውቁት ኮኔክሽን ካለ አጥፉት፣ አንቲቫይረስ አስኬዱ። የውጭ ሀገር ጥሪ የማትፈልጉ ከሆነም መስመሩ ላይ እንዲዘጋላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ።

ገባሁ፣ ግን የአማርኛ ገጽ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ነው የሚያሳየኝ

መስመሩ ምንም አልሆነም፣ ፎንት ነው የጎደለው። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባል የግዕዝ ፎንት ይዞ ነው የመጣው፣ ኤክስፒና ከሱ በፊት ያሉት ግን የላቸውም። የዩኒኮድ ፎንት፣ ለምሳሌ አቢሲኒካ፣ ከሌላ ኮምፒውተር በፍላሽ አምጡና ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፎንትስ የሚለው ፎልደር ላይ ለጥፉት፣ ለፓወር ግዕዝ የተሰሩት የድሮ ፎንቶች ለዚህ አይሆኑም። ከዛ ብራውዘሩን ዝጉና መልሳችሁ ክፈቱት፣ ያው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ከሆነ ኢንተርኔት ኦፕሽንስ ውስጥ ፎንትስ ገብታችሁ ለኢትዮጲክ እሱን መርጣችሁ ኦኬ በሉ።